መስኮት የሌለው የመስታወት ሕንፃ

ሕንፃው ከእግሩ እስከ ራሱ መስታወት የለበሰ ነው፤ የሚከፈት መስኮት ግን አንድም የለውም። በተመረቀ ሰሞን የከተማው ሰው ልጆቹን አሳምሮ እያለበሰ መጥቶ ከፊቱ ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። ዛሬ ተከራዮቹ «ምድጃው» ነው የሚሉት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዞራ የመንገዱን በኩል ስትመታው፣ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ይዘጋል፤ ሲጨልምበት መብራት ያበራል፤ መብራቱ ሲያሞቀው ደግሞ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። ማቀዝቀዣው ሲያቃስት ይውላል፤ ላቡም አይቀርም።

የነደፈው አርክቴክት ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከአንድ ልጁ ጋር ነው የሚኖረው። ልጁ መሐንዲስ ናት፤ ሙያዋም አዲስ ሕንፃ ማቆም ሳይሆን ያሉትን ማደስ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሊታውን ቁጥብ ማድረግ፣ የሚያፍነውን ማስተንፈስ። አባቷ ሰው ሲጠይቀው «የእኔዋ ሐኪም ናት፤ የሕንፃ ሐኪም» እያለ ይኩራራባት ነበር። የሕክምናው ተራ የእሱ ሕንፃ ላይ እስኪደርስ ድረስ ማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው የሕንፃው ባለቤቶች፣ በአክሲዮን የተሰባሰቡ ሰዎች፣ አፍርሰነው ሌላ እንሥራ ብለው ሲነሡ ነው። ማቀዝቀዣው የሚበላው ኤሌክትሪክ አንገፍግፏቸው ነበር፤ ተከራዩም እየለቀቀ ነው። ሊቀመንበሩ መሐንዲሷን አስጠርቶ ሕንፃውን መርምራ ለመፍረስ የደረሰ መሆኑን እንድትመሰክርለት ጠየቃት። እሷም ጣሪያው ላይ ወጣች፣ ምድር ቤቱ ገባች፣ ግድግዳውን በመዶሻ እየኮረኮመች አዳመጠች፤ ከዚያ ቦርዱ ፊት ቆማ ያልጠበቁትን ነገረቻቸው።

«አጥንቱ ጤነኛ ነው። ምሰሶው፣ ወለሉ፣ መሠረቱ ምንም አልሆነም። የታመመው ቆዳው ነው። ቆዳው ታመመ ተብሎ ደግሞ ሰው በቁሙ አይቀበርም።»

«እና ቆዳውን ምን ልታደርጊው ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«መስኮት አወጣለታለሁ። ከውጭ የብረት ጥላ አለብሰዋለሁ። ከውስጥ ደግሞ ኮሪደሩን ያፈኑትን ግድግዳዎች ከላይ ከላያቸው እከፍታለሁ፤ ነፋሱ በመንገዱ በኩል ገብቶ በጓሮ በኩል ይወጣል።»

«ነፋስ!» ሊቀመንበሩ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ ሳቀ። «እኛ ዘመናዊ ቢሮ ስንል አንቺ የንፋስ መንገድ ታወሪያለሽ።»

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሲሚንቶ አፍርሳችሁ የት ልትደፉት ነው? ወንዝ ዳር? ከዚያ ሌላ ሲሚንቶ፣ ሌላ ብረት፤ እሱን ለማምረት የሚጤሰው ጭስ ደግሞ የሚመጣው እዚሁ ሳንባችን ውስጥ ነው። አንድ ፎቅ ብቻ ስጡኝ። ከሁሉ የባሰውን ስጡኝ። የሙቀቱ ወራት እስኪያልፍ ካላሳመንኳችሁ፣ የማፍረሱን ወረቀት እኔው እፈርምላችኋለሁ።»

አራተኛውን ፎቅ ሰጧት። ከፊት ለፊት ያለው ዝቅ ያለ ሕንፃ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ፣ አራተኛው ፎቅ ከፀሐይዋም ከቆርቆሮውም ነው የሚጋየው።

ያን ቀን ማታ ሾርባውን ቀድታ ለአባቷ ሰጠችውና ሳታድበሰብስ ነገረችው። ማንኪያው ሳህኑና አፉ መካከል ቀረ።

«መስኮት?» አለ። «እዚያ ፊት ላይ መስኮት? እና ደግሞ ብረት? እስር ቤት ልታስመስዪው ነው?»

«አባዬ፣ ካልነካሁት ያፈርሱታል እኮ።»

«ያፍርሱት! ቢያንስ በመልኩ ይሙት!» አለና ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዝም። ሰላምታ አልነፈጋትም፤ «ደህና አደርሽ» ይላል፣ «በሩን ቆልፊ» ይላል፤ ጨዋታ ግን የለም። በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ጎረቤት ሆኑ። እሷም ሥራዋን አላቆመችም። ጠዋት ጠዋት ሻዩን አፍልታ፣ በፔርሙዝ አድርጋ አጠገቡ ታስቀምጥና ትወጣለች።

ጠረጴዛዋን ሰብስባ አራተኛ ፎቅ ገባች። «እናንተ የምትቀቀሉበት ቦታ ካልተቀቀልኩ አይገባኝም» ብላ፣ የመጨረሻውን ጥግ፣ ተከራይ ሁሉ እምቢ ያለውን ክፍል ያዘች። ከጎኗ አንድ ጠበቃ አለ፤ ሳይታይ በድምፁ የሚታወቅ፣ ደንበኛውን ሲመክር ኮሪደሩ ሁሉ የሚመከር ሰው። ከእሱ ቀጥሎ አንዲት ተርጓሚ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ራሷን ቀብራ የምትሠራ፣ ሙቀቱን ለመቻል እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ የምትጠመጥም። ጠበቃው በመጀመሪያው ሳምንት ለመሐንዲሷ ስም አወጣላት፤ «ወይዘሮ መስኮት» አላት። ስሙ በአሳንሰሩ ወጥቶ በማግስቱ ሕንፃውን ሁሉ አዳረሰ። እሷም አልተቀየመችም፤ ዘበኛው እንኳ «ወይዘሮ መስኮት፣ ደህና አደሩ?» ሲላት «መስኮት ይመስገን» ብላ ታልፋለች።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ተከራይ ሳይወጣ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የሚሰረሰረው ጠዋት ሰው ሳይገባ፣ የሚጠረገው ምሳ ሰዓት፣ የሚለካው ሰው ሲወጣ ሆነ። የመጀመሪያው መስታወት ከቦታው ሲነሣ አቧራ የጠበቃው ፋይሎች ላይ ተራግፎ ግማሽ ቀን ሲራገም ዋለ። መሐንዲሷ ራሷ ጨርቅ ይዛ ገብታ፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አበሰችለት። በማበስ ላይ ሳለች ጠበቃው «እህት ዓለም፣ እልኸኛ ነሽ» አላት። «ገና ምኑን ዓይተህ» አለችው።

በየመስታወቱ መካከል የሚከፈት መስኮት ገባ፤ ኮሪደሩን ያፈኑት ግድግዳዎችም ከላይ ከላያቸው ተከፈቱ። ከውጭ በኩል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ በከፊል እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ገጽ ሰያፍ የቆሙ ረጃጅም የቆርቆሮ ክንፎች ተተከሉ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስትመጣ ክንፎቹ ትከሻቸውን ይሰጧታል፤ በመካከላቸው ግን መንገዱም ሰማዩም ይታያል። ሙቀቱ ወደቀ። በእጇ የያዘችው መለኪያ ብቻ ሳይሆን የተርጓሚዋ አንገትም መሰከረ፤ ፎጣው ወንበር ላይ ተሰቅሎ ደርቆ ዋለ።

መሐንዲሷ ተሳካልኝ ልትል ስትል ነፋስ ተነሣ።

ከቀትር በኋላ ነበር። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት መጣ። ቀጥሎ ሁለተኛ ድምፅ ተጨመረ፤ ከዚያ ክንፎቹ ሁሉ ባንድ ላይ እሪ አሉ። ሰው ከየክፍሉ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ቆመ። መስኮት ቢዘጉም ይሰማል። ጠበቃው በሩ ላይ ሆኖ ሁለት ጆሮውን በእጁ ይዞ ጮኸ፦

«ፍርድ ቤት የምቀርብበትን ክርክር ነው የማዘጋጀው ወይስ ባቡር እየጠበቅኩ ነው?»

ነፋሱ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይመጣ ጀመር፤ ፉጨቱም አብሮ። በምትኩ ሙቀቱን የሚመርጡ ሰዎች ተነሡ። ጠበቃው ዞሮ «ክንፎቹ ይነቀሉ» የሚል ፊርማ ከሁሉም አሰባሰበ፤ ተርጓሚዋ ብቻ «እኔ ፎጣዬን መልሼ አልለብስም» ብላ እምቢ አለችው። ሊቀመንበሩ መሐንዲሷን ጠራትና እንደማዘንም እንደመገላገልም እያደረገው «ልጄ፣ ሞከርሽ፤ ማንም አይወቅስሽም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ዝም ካላሰኘሽው ይነቀላል» አላት።

«ዝም ይላል» አለች። እንዴት እንደሚል ግን አታውቅም።

የክንፎቹን ማሰሪያ አጠበቀች፤ ፉጨቱ ቀጠነ እንጂ አልጠፋም። መገጣጠሚያቸው ላይ ጎማ ጎዘጎዘች፤ ምንም። ሰያፉን ቀየረች፤ ባሰበት። ከሕንፃው ፊት በተተከለው መወጣጫ ላይ ቆማ ነፋሱ ፊቷን እየገረፈው አንዱን ክንፍ በመዳፏ ስትይዘው ዝም ይላል፤ ስትለቀው ያፏጫል። «የት አባቱ!» አለች ጥርሷን ነክሳ። ክንፎቹን የሠራው ብረት ሠሪ ከታች ሆኖ «እጅሽ ለሁሉም አይበቃም!» ብሎ ቀለደ። እሷ ግን ወደሚቀጥለው ክንፍ ተሻገረች።

ቤት ስትገባ አባቷ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ጫማዋን እያወለቀች ዝም ብላ ልታልፍ ስትል፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እሱው ጀመረ።

«ያፏጫል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለ። ዛሬ ከማዶ ቆሜ ሰማሁት።»

መሐንዲሷ እንደ ቆመች ቀረች። ያ ጉልበቱ የሚያስቸግረው ሰው፣ ለአንድ ዳቦ እስከ ጥግ ድረስ ለመሄድ የሚያማርረው ሰው፣ አውቶቡስ ይዞ ከተማ ወርዷል።

«ታዲያ ደስ አለህ?» አለች፤ ድካሙ ነው ያናገራት።

«ደስ እንዲለኝ ነበር የሄድኩት» አለ አባቷ ዓይኗን ሳያይ። «አላለኝም። ይሄ ነፋስ ድሮም እዚያ መንገድ ላይ የሚመጣው እየተጠማዘዘ ነው፤ ስንገነባ ስንት ጊዜ ሸራችንን ወስዶብናል። አንቺ ደግሞ የቢላ ስለት የመሰለ ጠርዝ ዘርግተሽ ጠበቅሽው። ምን ያድርግ? ያፏጫል!»

«ጠርዙ ነው ትላለህ?»

«ነገ አብሬሽ እመጣለሁ። ያ ሕንፃ ከተነካካ በእኔም እጅ ነው የሚነካካው። ሰው እንዲያበላሸው አልፈቅድም፤ ልጄም ብትሆን።»

በማግስቱ አባትና ልጅ አሳንሰር ይዘው አራተኛ ፎቅ ወጡ። አርክቴክቱ ወደዚህ ሕንፃ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ወደ ጥጉ ክፍል ሲያመሩ የተርጓሚዋ በር ክፍት ነበርና እዚያ ሲደርስ ቆመ።

ተርጓሚዋ መስኮቱን ከፍታ ትሠራለች። መጋረጃው ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ ታስሯል። በክንፎቹ መካከል ሰፈሩ በሙሉ ይታያል፤ ጣሪያዎቹ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ከዚያ ማዶ የኮረብታው ጀርባ። ሴትዮዋ ብዕሯን አፏ ላይ አድርጋ፣ ቃል ፍለጋ ይመስላል፣ ኮረብታውን ታያለች።

«ይቅርታ፣ መጋረጃሽን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትከፍቺው?» አላት።

«አሁን ነው እንጂ!» አለች ተርጓሚዋ ዘወር ብላ። «ድሮማ ስንት ዓመት ስሠራ እዚያ ኮረብታ መኖሩንም አላውቅ። መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ውስጥ እንደ አይጥ በጨለማ ነው የኖርነው። የሠራው ሰውዬ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።»

መሐንዲሷ የአባቷን ክንድ ያዘች። እሱ ግን አልተቆጣም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ኮረብታውን ተመለከተ።

«ይሄንን ነበር ያሰበው» አለ በመጨረሻ፣ በጣቱ ወደ ውጭ እያመለከተ። «ሰው ከሥራው ቀና ሲል ይሄንን እንዲያይ ነበር። መጋረጃ አላሰበም። ፀሐይንም በደንብ አላሰበም መሰለኝ።»

ተርጓሚዋ ማን እንደሆነ ሲገባት አፏን ያዘች። አርክቴክቱ ግን ኮቱን አውልቆ ወንበሯ ላይ ሰቀለና «እስቲ መወጣጫው በየት በኩል ነው?» አለ።

ጉልበቱ አላስወጣው ሲል በመስኮቱ በኩል ራሱን አውጥቶ ያዝዝ ጀመር። መሐንዲሷ ውጭ፣ እሱ ውስጥ ሆኑ። የዕቃ ማውጫ ገመድ አስመጣና አንዱን ክንፍ ጠርዙን ተከትላ ከላይ እስከ ታች በገመዱ እንድታለብሰው ነገራት። ነፋሱ በሰዓቱ ሲመጣ ክንፎቹ እሪ አሉ፤ ገመድ የለበሰው ግን ትንፍሽ አላለም። አባትና ልጅ ተያዩ። ሁለተኛውን አለበሱ፤ እሱም ዝም አለ።

«ጠርዙን ማጠፍ ነው!» አለች መሐንዲሷ በነፋሱ ላይ እየጮኸች። «ስለቱን አጥፎ ማድቦልቦል!»

«እና ወገቡ ላይ መቀነት! እንዳይንቀጠቀጥ!» አባቷም ጮኸ።

ብረት ሠሪው መጀመሪያ ፊቱን አጨፈገገ፤ ሁሉንም ፈቶ፣ አጥፎ፣ መልሶ መስቀል ቀልድ አይደለም። መሐንዲሷ ጓንቷን አጥልቃ መፍቻውን ስታነሣ ግን «ምን ላድርግ እንግዲህ» ብሎ ተከተላት። በዚያው ሰሞን አባትና ልጅ ያልተጣሉበት ነገር የለም። እሷ ክንፎቹ እኩል ስፋት ይኑራቸው ስትል፣ እሱ «አጥር ነው የምትሠሪው?» ይላል። እሱ አንዱን መስኮት ለመልኩ ሲል ሊዘጋው ሲፈልግ፣ እሷ «ነፋሱ ለመልክ ብሎ አይቆምልህም» ትላለች። ስፋቱን ለእሱ ለቀቀችለት፤ መስኮቱን እሱ ለቀቀላት። ማታ እራት ላይ ክርክሩ ይቀጥላል፤ ጠረጴዛው ላይ ማንኪያው ክንፍ፣ ብርጭቆው ምሰሶ ይሆናል። ቤቱ ውስጥ ጨዋታ ተመለሰ።

ሊቀመንበሩ የሰጠው ሳምንት ሲያልቅ ነፋሱ መጣ፤ ክንፎቹ ድምፅ አላሰሙም። ጠበቃው ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ቆየና «ደንቁሬ ነው ወይስ ዝም ብሏል?» ብሎ ጠየቀ። ፊርማ ያለበትን ወረቀት ግን አልቀደደም፤ «ይቆይ፣ ማን ያውቃል» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ቦርዱ በእርግጥ ያመነው በሌላ ቀን ነው። የዓመቱ ሙቀት ጣሪያ የነካበት ዕለት ነበር፤ ከተማው ሁሉ ማቀዝቀዣውን በአንድ ላይ ለቆ መስመሩ አልችል አለና መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣው አቃስቶ አቃስቶ ቆመ። የማይከፈቱት ፎቆች በአንዴ የታሸገ ማሰሮ ሆኑ። ሰው ሸሚዙን ከአካሉ እያላቀቀ ወደ ደረጃው ወጣ። ወደ መንገድ ለመውረድ ያሰቡት አራተኛው ፎቅ ሲደርሱ ከኮሪደሩ የሚመጣ አየር ፊታቸውን ነካቸው፤ ቆሙ፤ ገቡ።

ብርድ አልነበረም፤ ሙቀት ነው። ግን የሚተነፈስ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ሰው የሚሠራበት ሙቀት። ወዲያው የላይኞቹ ፎቆች ሒሳብ ሠራተኞች ላፕቶፓቸውን ይዘው ወለል ላይ ተቀመጡ፤ እዚያው ሕንፃ ቢሮ ያለው የኢንሹራንስ ድርጅት ሰዎች ከጥጉ ክፍል ሆነው በስልክ መነጋገር ያዙ። ጠበቃው መስኮቱን ያጨናነቁበትን ሰዎች «አንድ በአንድ እንጂ! ይሄ ቢሮ የተከራየ ነው!» እያለ ይከላከላል፤ ወንበር ግን ያቀብላል።

ከመጨረሻው ፎቅ ሊቀመንበሩ ደረጃ በደረጃ ወረደ። ክራቫቱ እጁ ላይ ነው። ሸሚዙ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። ወደ ጠበቃው ክፍል ገብቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ሳበ። መሐንዲሷ ሰው እንዲህ ሲተነፍስ ክርክር አያስፈልገውም ብላ ይሆናል፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ሰጠችው።

ውኃውን ጨርሶ «ይሄ ነገር ላይ ድረስ ይሄዳል?» አላት።

«ይሄዳል።»

«ሰው ሳናስወጣ?»

«ሰው ሳናስወጣ። አንድ ፎቅ፣ ከዚያ አንድ ፎቅ።»

በቀጣዩ ስብሰባ ማፍረሱ ቀረ። የመንገዱ ፊት ሙሉ በሙሉ እንዲሠራ ተወሰነ። ጣሪያውን ነጭ ቀብቶ የዝናቡን ውኃ ለመጸዳጃ ቤት ለማጠራቀም ያቀረበችውን ግን «ወደፊት ይታያል» አሉት። መሐንዲሷ ፊቷ ሳይለወጥ «እሺ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም አቀርበዋለሁ» አለች። አንዱ አባል «እምቢ ብንልሽስ?» ቢላት፣ «ከዚያ በሚቀጥለው» ብላ ወረቀቶቿን ሰበሰበች።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ አባቷን ከታች፣ በዘበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት አገኘችው። ተርጓሚዋ አልፋ ስትሄድ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው፤ እሱም እንደ ወጣት ብድግ ለማለት ሞክሮ ጉልበቱ ከለከለው።

«እህ?» አላት።

«አይፈርስም።»

አባቷ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታውን የጫማ ክሩን ሲፈታና ሲያስር ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «በይ አምስተኛው ላይ ክንፎቹን ትንሽ እናጥባቸው፤ እዚያ ፀሐይዋ ትቀድማለች» አለ።

ሰኞ ጠዋት፣ መንገዱ ገና ሰው ሳይበዛበት፣ መወጣጫው አምስተኛ ፎቅ ደረሰ። የመጀመሪያው መስታወት ተፈትቶ በገመድ ታሰረ። አርክቴክቱ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ አላፊውን በእጁ እየመለሰ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ይጮሃል። መስታወቱ አየር ላይ አንዴ ዞረ፤ ሰማዩን፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ ቆርቆሮ ጣሪያውን አሳየና ጭረት እንኳ ሳያገኘው ታች በቆመው ብረት ሠሪ እቅፍ ውስጥ ገባ። ከላይ፣ በተከፈተው ቦታ፣ መሐንዲሷ ራሷን አወጣች። የጠዋቱ ነፋስ ፀጉሯን ወደ ውስጥ በተነው። ወደ ታች አየች፤ ሁሉም ደህና ነው።

«ቀጣዩን!» አለች።